ጆይስቲኩን ለማንም አትስጡ

ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ጌም ቤታችን ውስጥ አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚማረው መጫወት አይደለም፤ መሳቂያ መሆን ነው። ቤቱ የወንድሜ ነው። እኔ ከወልቂጤ የመጣሁት ለጥቂት ጊዜ ላግዘው ብዬ ነበር፤ ይኸው በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ማሽን እየከፈትኩ፣ ሰዓት እየያዝኩ፣ የሚሰዳደቡትን እየተሳደብኩ ቀረሁ።

ኳሱን ተዉት፤ ኳስ ማንም ይጫወታል። እኔ የማወራችሁ ስለ ሰይፉ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ሰው ትሠራላችሁ፤ ፊቱን፣ ትከሻውን፣ የፀጉሩን ቀለም ሳይቀር። ከዚያ ጭራቅ እየገደላችሁ ነጥብ ትሰበስባላችሁ፤ በነጥቡ የሠራችሁትን ሰው ታሳድጋላችሁ። ለደሙ፣ ለትንፋሹ፣ ለጉልበቱ፣ ለአስማቱ ታካፍሉታላችሁ። አንዴ የሰጣችሁትን እንደፈለጋችሁ መልሳችሁ መውሰድ የለም። ልጅ እንደማሳደግ ነው ይላሉ። ልጅስ ሲከፋው ያለቅሳል፤ ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚሞትባችሁ።

ታዲያ ቤታችን ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ። ጎረቤታችን ነው፤ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ጢሙ ሸብቷል። ወጣቶቹ «ፋዘር» ይሉታል። ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ሄዶበታል፤ ይህን አልክድም። አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። እሱ ግን ትክክለኛውን እያወቀ ነው፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ወንበር ስቦ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ መርዝ የሚያጠጣው።

«ደም ላይ ነጥብ የሚጥል ፈሪ ነው፣ ልጄ። ጉልበት! ሁሉንም ጉልበት ላይ አድርገው።»

«እሺ ፋዘር።»

«ያንን ወፍራሙን የብረት ልብስ ልበስ። ወንድ ልጅ በሸሚዝ አይዋጋም።»

ልጁ ይለብሳል። ብረቱ ስለሚከብደው ተንከባሎ ማምለጥ አይችልም፤ ደም ስለሌለው ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘው የመጀመሪያ ውሻ ነክሶ ይጥለዋል። ያኔ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ሰውዬው ጭኑን እየመታ «ሰው የሚያድገው ወድቆ ነው!» ይላል። እያሳሳቀ እንደ ውኃ የሚወስድ ሰው ነው። ወጣቶቹም አብረው ይስቃሉ፤ ትናንት ተስቆባቸዋላ! በእነሱ የደረሰው በሌላው ካልደረሰ ዕዳቸው የተሰረዘ አይመስላቸውም።

እኔ የተማርኩት ብቻዬን ነው፤ ጠዋት ጠዋት፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ የጨዋታው እንግሊዝኛ አይገባኝም ነበር። እያንዳንዱን ቃል ያወቅሁት አዲስ ጎረቤት እንደሚታወቅ ነው፤ በስሙ ሳይሆን በሚያደርገው። አንድ ቃል ላይ ነጥብ እጥላለሁ፤ ሄጄ ያው ጭራቅ እንዲመታኝ ፊቱ እቆማለሁ፤ ከበፊቱ ቆይቼ ከሞትኩ «አሃ፣ አንተ ደም ነህ» እላለሁ። እንዲያ እያልኩ ሞቼ ሞቼ ነው የለየሁት።

ስለዚህ እኔን ስሙ። መጀመሪያ ደም። ቀዩ መስመር እስኪረዝም ድረስ ሌላውን አትንኩ፤ የሞተ ጉልበተኛ ማንንም አይመታም። ቀጥሎ ትንፋሽ፣ አረንጓዴው መስመር ማለት ነው፤ እሱ ሲያልቅ መሸሽም መምታትም የለም፤ እያለከለካችሁ ቆማችሁ ዱላ ትቀበላላችሁ። ከዚያ አንድ መሣሪያ ምረጡ፤ አንድ ብያለሁ፤ እጃችሁ እስኪለምደው በእሱ ሙቱ። ልብሳችሁ የምትንከባለሉበት ይሁን እንጂ የምታምሩበት አይሁን። የሚነግራችሁ ሰው ሲነግራችሁ ዓይኑን እዩት። እናንተን ትቶ ከኋላችሁ የቆሙትን ወጣቶች የሚያይ ከሆነ ምክሩ ለእናንተ አይደለም።

የቆሼዋ ሴት የመጣችው በገበያ ቀን ነው። ቆሼ ከቡታጅራ ብዙ የማትርቅ የበርበሬ አገር ናት፤ እሷም በርበሬ ትነግዳለች። ይዛ የመጣችውን ሸጣ፣ ባዶ ጆንያዎቿን አጣጥፋ፣ የቆሼ ሚኒባስ እስኪሞላ ጥላ ፍለጋ በራችን ላይ ቆመች።

«አሰላሙ አለይኩም። እዚህ ጋ ልቀመጥ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ግቢ እህቴ፣ ውስጥ ወንበር አለ።»

ስትገባ የጆንያው ሽታ አብሯት ገባ። ቤቱ በሙሉ ማስነጠስ ጀመረ።

«እትዬ፣ እባክሽ የድልድዩን ዘበኛ በርበሬ አጥኚልን!» አለ አንዱ ወጣት።

«የት ነው ያለው? ጉሮሮውን ይዤ ነው የማጥነው» አለች። ዘበኛው ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ድልድይ አፍ ላይ ቆሞ አላሳልፍ የሚለው ግዙፍ ጭራቅ ነው። ግን ቀልድ አልፏት አያውቅም።

ተቀምጣ አየች። አንዱ ሲሞት፣ ተነስቶ እንደገና ሲሞት አየች። «ይሄ ሰው ለምንድነው ዝም ብሎ ዱላ የሚቀበለው? ዞር ማለት አያውቅም?» ብላ ጠየቀች።  ይህች ሴት ዓይን አላት አልኩ። ከእኔ በቀር ሴት ያልቆየችበት ቤት ነው። ሦስት አራት ሴቶች ሞክረው ነበር፤ ሰውዬው «መከራቸው»፣ ተሳቀባቸው፣ ሄዱ። ይህችኛዋ እንዳትሄድብኝ ብዬ ጆይስቲክ አምጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩ።

የሠራቻት ሰው ሴት ናት፤ ኩንታል የሚሸከም ትከሻ ያላት። በየገበያው ቀን እየመጣች፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ እየተጫወተች አሳደገቻት። ይሁንና አንድ ነገሯ ያንጨረጭረኛል፤ ነጥቧን ለሁሉም እኩል ነው የምታካፍለው። ለደም ትንሽ፣ ለጉልበት ትንሽ፣ ለማትጠቀምበት አስማት እንኳ ትንሽ።

«አስማት ምን ያደርግልሻል? አንድ ቀን ተጠቅመሽበት ታውቂያለሽ?»

«ቢያስፈልግስ?»

«አያስፈልግሽም!»

«አንቺ የወልቂጤ ልጅ፣ በርበሬ ብቻ ዘርተሽ ዝናቡ ቢበላሽ ምን ትበያለሽ? እኛ በቆሎም እንዘራለን።»

«ጌም ውስጥ ዝናብ የለም!»

«ያለ ነው የሚመስለኝ» ብላ አንድ ነጥብ አስማት ላይ ጣለች። እንዲህ እየተጨቃጨቅን፣ ደካማዋን ሴትዮ በትዕግሥት ብቻ እየመራች፣ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ ድልድዩ ጋ ደረሰች።

ድልድዩ አፍ ላይ ሐውልት አለ። ያከፋፈላችሁትን ነጥብ በሙሉ መልሶ እጃችሁ ላይ የሚያስቀምጥ፣ እንደገና እንድታካፍሉ የሚፈቅድ፣ ያንንም አንዴ ብቻ የሚፈቅድ ሐውልት። እኔ ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር፤ ነጥቧን ሰብስባ ደም ላይ ካደረገችው ዘበኛውን ታልፋለች። ሰውዬውም ሲጠብቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «የበርበሬ ጆንያ ጌም ቤት ገባ» እያለ ነው የሚያወራው። ያን ዕለት ለወጣቶቹ ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁት፦

«ዛሬ እሸኛታለሁ። ከዛሬ በኋላ ከመጣች ጢሜን እላጫለሁ።»

ሴትየዋ ሐውልቱን ነካች። ነጥቦቿ ሁሉ ተመለሱ። እኔ «ደም ላይ! ደም ላይ አድርጊው!» እላለሁ። እሱ በሌላ ጎኗ «አትስሚያት፣ ጉልበት!» ይላል። እኔ ጮህኩ፤ እሱ ጮኸ። ከዚያ በድንገት ድምፁን ዝቅ አደረገና እጁን ዘረጋ።

«በይ ልጄ አምጪ፣ እኔ ላሻግርሽ።»

እዚህ ላይ የሌላ አገር ሰው ላይገባው ይችላል። ጌም ቤት ውስጥ የከበደው ሰው ሲኖር የሚያውቅ እጁን ይዘረጋል፣ «አምጣ ላሻግርህ» ይላል፣ ይሰጠዋል፤ ልማድ ነው። በዚያ ላይ በእኛ ዘንድ የሸበተ ሰው እጁን ዘርግቶ ባዶውን አይመለስም። የቆሼዋ ሴት ደግሞ በደንብ ያደገች ናት። ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ፣ ጆይስቲኩን በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችው።

«ጀዛከላህ ኸይር» አለችው ጨምራ። አመሰገነችው!

ሁሉንም ጉልበት ላይ አደረገው። ለደም ምንም አልተወም። አጸደቀው፤ ወጣቶቹን አየ፤ መለሰላት። ቀዩ መስመር አንድ ጥፍር አክሎ ቀረ።

«ሂጂ፣ ተሻገሪ።»

ሄደች። ዘበኛው እጁን አንዴ አነሳ፣ አወረደ። ሞተች። ቤቱ ሳቀ። ተነስታ እንደገና ሄደች። ዘበኛው ገና ሲዞር ክንዱ ነካትና ሞተች። አንዱ ወጣት ከሳቁ የተነሳ መሬት ተቀመጠ።

ሴትየዋ ዞራ አየችው። «ምን አደረጉኝ?» አለችው። አሁንም «እርስዎ» ነው የምትለው።

«አጠነከርኩሽ!»

እኔ አልቻልኩም። «አንተ፣ ጢምህን እንኳ አታፍረውም? የልጅ እናት አምና ስትሰጥህ!» አልኩት። ከዚያ ቀን በፊት «አንተ» ብዬው አላውቅም።

«ኧረ የወልቂጤ ምላስ! ጨዋታ አይደለም እንዴ? ጨዋታ ነው!»

«ጨዋታ ከሆነ የራስህን ለምን አታበላሽም?»

ወንድሜ ከጓዳ ወጣ። እኔን ነው የተቆጣው። «ተይ እንጂ፣ ደንበኛ ነው፣ ጎረቤት ነው!» እኔም ወንድሜን የማይነገር ነገር ተናገርኩት፤ አልጽፈውም። ስንዞር ሴትየዋ የለችም። ጆንያዎቿን ይዛ፣ ደህና ዋሉ ሳትል ወጥታለች። ሰውዬው በሩን እያየ «አላልኳችሁም?» አለ።

በሚቀጥለው ገበያ ከበሩ ሳያት መንገዱን ተሻግራ ፀሐይ ላይ ቆማለች፤ ጆንያዋን ራሷ ላይ አድርጋ። ሄድኩ።

«ምነው? ግቢ እንጂ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል።»

«ፀሐይ አይስቅብኝም።»

«እኔ መቼ ሳቅሁብሽ?»

«አንቺማ አልሳቅሽም። ጮኽሽ። እሱ በዚህ ጆሮዬ፣ አንቺ በዚያኛው። የራሴን ሐሳብ የምሰማበት ጆሮ አልተረፈኝም።»

«እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው!»

«እሱም ለእኔ ብሎ ነው ያለው።»

ከእሱ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አስቀመጠችኝ! ተናደድኩ። ጥያት ተመለስኩ። ሰውዬው ጢሙን እያሻሸ ሲያፏጭ እየሰማሁ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው ገበያ ገባች። ሰላምታ ለእኔም፣ ለእሱም፣ ለማንም የለም። ከዳር ያለው ማሽን ላይ ቁጭ አለችና ራሷ ከፈተችው። ያቺን የተበላሸችውን ሴት ከማስቀመጫው ላይ ፈለገቻት፤ ትንሽ አየቻት፤ አጠፋቻት። ከዚያ አዲስ መሥራት ጀመረች። ያው ትከሻ፣ ያው ፊት። የመጀመሪያ ነጥቦቿን ስታገኝ ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። አንድ ለደም፣ አንድ ለትንፋሽ፣ አንድ ለጉልበት፣ አንድ ለአስማት።

«ኧረ ይህቺ ፋራ!» አለ አንዱ ወጣት። ማንም አላገዘውም።

ሰውዬው ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፁን አለሰለሰ። «ልጄ፣ ያለፈው ጨዋታ ነበር። በይ አምጪ፣ ዛሬ የእውነት ላሻግርሽ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

አልሰጠችውም። አልተቆጣችውም። ጆይስቲኩን ወደ ጭኗ አስጠግታ፣ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ስክሪኑን እያየች ቀጠለች። እጁ አየር ላይ ቀረ። እናንተዬ፣ ያ እጅ ምን ያህል እንደቆየ! በዚህ ከተማ የሽማግሌን እጅ አየር ላይ መተው ቀላል ነገር አይደለም።  ወጣቶቹ ወደ መሬት አዩ። ወንድሜ ከጓዳ ብቅ ብሎ ተመለሰ። በመጨረሻ ሰውዬው እጁን ኪሱ ከተተና ስልክ እንደሚፈልግ ሰው ኪሱን ደባበሰ።

እኔ ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝም ጠጋ አልኩና «ጎሽ! አሁን ደም ላይ ብቻ...» ስል፣ ቀና ብላ አየችኝ። እሱን ያላየችውን ዓይን ለእኔ አወጣችው።

«አንቺም» አለች።

ወደ በሩ ተመለስኩ።

ይኸው እስከ ዛሬ በየገበያው ቀን ትመጣለች። ከእኔ ጋር ሰላም ተባብለናል፤ ስለ በርበሬው፣ ስለ ልጆቿ ታወራኛለች። ስለ ጨዋታው ግን አፌን ከከፈትኩ ጀርባዋን ነው የምትሰጠኝ። ሰውዬው ጢሙን አልተላጨም፤ እኔና እሱም አንነጋገርም፤ ሲገባ ወንበሬን ከበሩ አላነሳለትም። አሁን ግን አዲስ ሰው አጠገብ እጁን ሲዘረጋ ያመነታል፤ ወጣቶቹም ቀድመው አይስቁም።

እሷ ዘበኛውን አላለፈችውም። በዚያ በእኩል በተካፈለ ድካሟ እየሄደች ትሞታለች፣ ትነሳለች፣ ትሄዳለች። ደም ላይ ብታደርገው በአንድ ገበያ ታልፈው ነበር! ከበሩ ሆኜ ከንፈሬን እየነከስኩ አያታለሁ። ከዚያ ረዳቱ ከመናኸሪያው «ቆሼ! ቆሼ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ ሴቭ ታደርጋለች፤ ጆንያዋን ታነሳለች።

ለእሷ መንገር ስላልቻልኩ ነው ለእናንተ የጻፍኩት።