የካሜራዋ ክዳን

ኩማጋይ ሺዙኖ ሳጋሚሃራ ከተማ ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለ ቢሮ ተቀምጣ፣ ሕዋ ላይ ያለች አንዲት ካሜራ ስትንከባከብ ፀጉሯ ሸበተ። ካሜራዋን የተሸከመው ቴሌስኮፕ ምድርን ይዞራል። ሺዙኖ ከታች ሆና ትእዛዝ ትልካለች፣ ከላይ ፎቶ ይመጣላታል።

ካሜራ ሲያረጅ ብርሃን በሌለበትም ነጭ ነጥብ ያሳያል። ስለዚህ በየወሩ ክዳኑን አስዘግታ ጨለማውን ፎቶ ታነሳለች። እዚያ ላይ የታየው ነጥብ ሁሉ የካሜራዋ እንጂ የሰማዩ አይደለም፤ እሱን ከሌሎቹ ፎቶዎች ላይ ስትቀንሰው የሚቀረው ኮከብ ብቻ ነው። በዚህ ሥራዋ ትኮራለች። ያልጸዳ ፎቶ ይዞ የመጣ ተመራማሪ ካጋጠማት፣ «ፊትህን ሳትታጠብ ነው እንዴ የወጣኸው?» ትለዋለች።

ባለፈው ወር ግን ክዳኑ አልከፈት ብሎ ደጋግመው አዘውት በስንት መከራ ተከፈተ። አሁን ደግሞ የመዝጊያው ቀን ደረሰ።

«ኩማጋይ ሳን፣» ብሎ በአክብሮት ጠራት አለቃዋ ኦጋታ፣ ወንበር ስቦ አጠገቧ እየተቀመጠ። «አሮጊቷን ዛሬ ዓይኗን ካስጨፈንናት ላትገልጠው ትችላለች።»

«አሮጊት አትበላት። ካንተ ጉልበት የእሷ ይሻላል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው፤ ደረጃ ስወጣ አይተሽኝ የለ።» ሳቀ። «ከተዘጋ ግን ቀረ ማለት ነው። አንቺ ያልሽው ይሁን።»

«ሳልዘጋ ነጥቡን ከኮከብ በምን ልለየው?»

«ቴሌስኮፑን ትንሽ ትንሽ ዞር እያደረግን ደጋግመን እናንሳ። ኮከቡ ፎቶው ላይ ቦታ ይለቅቃል፣ ነጥቡ ባለበት ይቀራል።»

«ደብዛዛዎቹ ኮከቦች ይጠፉብናላ።»

«አዎ፣ አንዳንዶቹ ይጠፋሉ።»

ይህን ዘዴ ሺዙኖ ድሮም ታውቀዋለች፤ የሰነፍ ሥራ ነው ስትል ነው የኖረችው። ምሳዋን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች።

ባሏ ካኔሂሮ ያረፈው በጸደይ መግቢያ ላይ ነው። ሐኪሞቹ ሌላ ምርመራ ይጨመር ሲሉ፣ «ይብቃኝ ሺዙ፤ እቤት ወስደሽ ሚሶ ሾርባሽን አጠጪኝ» አላት። ወሰደችው። ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ አብዝታ ሠራችለት፤ ግማሹን ጠጥቶ፣ «ጨው በዛ» አላት። እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው መሥራት አልለመደችም፤ ሾርባው ሁልጊዜ ይተርፋታል።

ከምሳ ስትመለስ ኦጋታ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

«አይዘጋ፣» አለችው።

«ቆርጠሻል?»

«ደግመህ አትጠይቀኝ፣ ሐሳቤን እለውጣለሁ። ይልቅ ማዞሩን አስጀምር።»

ፎቶዎቹ ተራ በተራ መጡ። ከዳር በኩል አንዴ ቦታ የለቀቀ፣ አንዴ ባለበት የቀረ የሚመስል ደብዛዛ ነጥብ አለ። ኮከብ ይሁን የካሜራዋ ጉድለት፣ ሺዙኖ መነጽሯን አውልቃ ብታይም፣ መልሳ አድርጋ ብታይም መለየት አልቻለችም። ከፎቶው ሥር፣ «ያልጸዳ ነጥብ አለበት፤ በጥንቃቄ ይታይ» ብላ ስሟን ጻፈችና ለሚጠብቁት ሰዎች ላከችው።

ከዚያ ወደ ኦጋታ ዞረች። «አንዴ ደግሞ፣ ትንሽ ወደ ግራ።»