ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህ የሆነው ዘንድሮ ከጥምቀት ወዲህ ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም።

የኔታ የባለቤቴ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ስኳር ዐይናቸውን ከወሰደው በኋላ ሹም አቦ ሰፈር እኛ ቤት ገቡ። ባለቤቴ ድምፅ ያለው የስኳር መለኪያ ገዛላቸው። ደሙን ሲያስነኩት መጀመሪያ መቶውን፣ ቀጥሎ አስሩን፣ ከዚያ ነጠላውን በጢጥታ ይቆጥራል። "መቶ ስልሳ ሁለት!" ብለው ከክፍላቸው ይጣራሉ፤ እኔ በቁጥሩ ልክ ኢንሱሊን ቀድቼ እወጋቸዋለሁ። ለዜማ የሠለጠነ ጆሮ ነውና አንድም ቀን አልሳቱም።

ማኅበር የደገስን ዕለት፣ ቄሱ ጸበል ጸዲቁን ሊባርኩ ሲነሡ መሳሪያው መጮህ ጀመረ። እንግዳው ስልክ መስሎት ዞር ዞር አለ፤ አንዷማ ሳቀች። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ማፈር አልችልም። መሳሪያውን ከእጃቸው ተቀብዬ ድምፁን አጠፋሁት። በኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ በድግሱ ግርግር ረሳሁት።

በማግሥቱ የኔታ እንደ ልማዳቸው ቁጥራቸውን ጠሩ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ምን ልጠርጥር?

አንድ ማለዳ "መቶ ሰባ!" አሉኝ፤ ወጋኋቸው። ቁርስ ሳላቀርብ ላብ አጠመቃቸው፣ ምላሳቸው ተሳሰረ። ስኳር በጥብጬ በማንኪያ እያጠጣሁ ለካኋቸው። ስክሪኑ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። መሳሪያው ግን ጭጭ። ያኔ ማኅበሩ ትዝ አለኝ። እሳቸው ነፍስ ሲዘሩ ድምፁን መለስሁት።

በማግሥቱ ጢጥታውን ሲሰሙ የኔታ አለቀሱ።

"ይቅር በይኝ ልጄ፤ ስዋሽሽ ነው የሰነበትሁ። ዐይኔ ሲሄድ ጆሮዬ አለ ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ቀጭኑ ድምፅ አልሰማ ሲለኝ ጊዜ ደነቆርሁ ብዬ አፈርሁ፤ ቁጥሩን በግምት ነበር የምነግርሽ። ለኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተስዬ ነበር፤ ይኸው ሰማችኝ!"

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን "ግድ የለም የኔታ" ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ይቅር ባይዋ እኔ ሆንሁ!

በኪዳነ ምሕረት ንግሥ ዕለት ጃንጥላውን ይዘን ሐይቁን በጀልባ ወደ ገዳሟ ተሻገርን። ካህኑ ስለቱን ሲናገሩ ሕዝቡ እልል አለ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የኔታ የእኔ ድምፅ እንደጎደለ ለዩ።

"አንቺም እልል በይ እንጂ፣ ልጄ።"

እልል አልሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን ሲነግሩኝ ገብቼ ስክሪኑን አያለሁ። ልክ ናቸው። የምዋሸው እኔ ነኝ።