ካርታው ላይ የተደፈነው ሰፈር

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ለሰርኬ ደግሞ ያላዩት አገር አይፈረምበትም። ኮልፌ ውስጥ የጎርፍ መውረጃ ቦይ በሚያጠና ቢሮ ትሠራለች። ከሳተላይት የተገኘ የመሬት ከፍታ መረጃ ኮምፒውተሯ ላይ ትከፍትና፣ የዝናቡ ውሃ ከየትኛው ጉብታ ተነሥቶ ወደየትኛው ወንዝ እንደሚወርድ እያየች የየተፋሰሱን ድንበር ታሰምራለች። እሳት የላሰች ናት። ታዲያ ከመፈረሟ በፊት ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ መስመሩን በእግሯ ካልሄደችው እንቅልፍ አይወስዳትም። የቢሮ ልጆች "ጎርፏ መጣች!" እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ!

ባለፈው ሚያዝያ ግን ቢሮው ተጣደፈና ሊቆፈር በታቀደ ቦይ ካርታ ላይ ሳትሄድ ፈረመች። በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያዋ ነው። ስትብሰለሰል ሰንብታ እሑድ ዕለት ካርታው ላይ ወዳለው፣ ከዘነበወርቅ ጀርባ ወደሚገኘው ሰፈር ወረደች። እዚያ ወይዘሮ ወለተጻድቅ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ቤት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የአልጋቸው እግሮች እያንዳንዳቸው ሦስት ብሎኬት ላይ ቆመዋል።

"እማማ፣ አልጋው ምነው ሰማይ ጠቀስ ሆነ?" አለች ለጨዋታ።

"ክረምት ሲገባ ውሃው እዚህ ድረስ ነዋ፣ ልጄ" ብለው ጉልበታቸውን አሳዩዋት። "መውጫ የለው፣ እዚሁ ይተኛል። እኔም ከበላዩ እተኛለሁ። ዘንድሮ መውጣቱ አቅቶኝ ጎረቤት ነው አቅፎ የሚሰቅለኝ።"

ሰርኬ ክው አለች። በእሷ ካርታ እዚህ ቦታ ውሃ አይተኛም! ወዲያው ነገሩ ገባት። ኮምፒውተሩ ጎድጓዳ ቦታ ሲያገኝ የመረጃ ስህተት ነው ብሎ እስከ አፉ ይደፍነዋል፤ ውሃው በላዩ እንዲያልፍ። ድፈን ብላ ያዘዘችው ራሷ ናት። ወይ ጉድ! የደፈነችው አሥራ ሰባት ቤት ነው። ቦዩም ሰፈሩን ሳይነካ ሊያልፍ ነው።

ሰኞ ጠዋት አለቃዋ አቶ ፈቀደ ዘንድ ገባች። ካርታው ጸድቆ ለቁፋሮው ሳምንት ቀርቶታል። ጥፋቱን ኮምፒውተሩ ላይ ማላከክ ትችል ነበር፤ ስንቱ ያደርገዋል! እሷ ግን "ካርታው ስህተት ነው። ሳልሄድ የፈረምኩት እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ ልጅ፣ እንጀራሽን ልታጪ ነው እንዴ?"

"ልጣዋ! እሳቸው እኮ አልጋቸው ላይ መውጣት አቅቷቸዋል!"

አቶ ፈቀደ "እሳቸው" ማን እንደሆኑ እንኳ አልገባቸውም። ማስጠንቀቂያ ጻፉባት፤ ቁፋሮውንም አስቆሙላት። ሰርኬ ሰፈሩን ጥግ በጥግ እየዞረች እንደገና ለካች። ቦዩም ወደ ጎድጓዳው ታጠፈ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያወርደው ቆይቶ ጋብ እንዳለ፣ ሰርኬ ቦቲዋን አጥልቃ ወደ ሰፈሩ ሮጠች። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ደጃፋቸው ላይ አንድ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ቦዩ ውስጥ የሚጋልበውን ውሃ ያያሉ። ሌሎቹ አሥራ አንዱ ከጎናቸው ተደርድረዋል።

"አልጋዬን አወረድኳት" አሉ። "ትናንት ማንም ሳይሰቅለኝ፣ በራሴ ወጥቼ ተኛሁ።"

ሰርኬ እንባዋ መጣ። አንድ ብሎኬት ሳበችና አጠገባቸው ቁጭ አለች።