የጎረቤታችን አሜን

አሶሳ ገበያ የበሰለ ማንጎ ሲሸተኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ልጅ ሳለሁ፣ ባምባሲ፣ ጎረቤታችን ታደሰ ድንበር ገፍቶ ፍሬ የያዘውን የማንጎ ዛፋችንን ከሥሩ ቆረጠው። እሱን «ጋሼ» ማለቴን ያን ቀን ተውኩ።

በዚያው ሳምንት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ ተራ እኛ ቤት ደረሰ። ታደሰም መጥቶ አያቴ አጠገብ ተቀመጠ። ምንባብ እንድመርጥ ሲነግሩኝ ጠላትን የሚረግመውን መዝሙር አወጣሁና ዓይን ዓይኑን እያየሁ አነበብኩት። እንዲያፍር ነበር የፈለግኩት። እሱ ግን ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «አሜን!» አለ።

ሰው ሲበተን አያቴን «እንዴት አይገባውም?» አልኳቸው።

«ጠላት ሲባል ለእሱ የታየነው እኛ ነን፣ ልጄ። መጀመሪያ ለራስሽ አንብቢው።»

ለራሴ ማንበቡን እስካሁን አልቻልኩበትም። ያ መዝሙር ሲነበብ የታደሰን ስም በልቤ እጠራና፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ «አሜን!» እላለሁ።