ለአንዲት የዜሮ ክፍል ወንበር

አዲስ የፕላስቲክ ጫማ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ? ጎማም አይደለም፣ ጋዝም አይደለም፤ አፍንጫ ሰንፍጦ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር ነው። ባለፈው የገበያ ቀን ቆቦ ላይ ሻጩ የሕፃናት ጫማ እንደ በርበሬ መሬት ላይ አስጥቶ ነበር። በዚያ ሳልፍ ሽታው መጣና ያዘኝ። እግሬ አልሄድ አለኝ።

«አባባ፣ ስንት ቁጥር ልስጥዎ?» አለኝ ሻጩ።

ቁጥሩን ረስቼዋለሁ ብዬው አለፍኩ። ውሸቴን ነው። ሌላውን ሁሉ፣ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ ጭምር፣ እረሳለሁ፤ ያንን ቁጥር ግን አልረሳም።

የልጅ ልጄን ለዜሮ ክፍል ላስመዘግብ የወሰድኳት ቀን ያደረገችው ጫማ ቀይ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል። ማሽላው ከኔ ቁመት አልፎ፣ እኔን ለማለፍ ብዙ ድካም ባይጠይቅም፣ መንገዱን ከግራ ከቀኝ ይዞታል። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እሷ ከፊቴ እየዘለለች፣ ጫማው ቷ ቷ እያለ፣ ጥያቄ ታዘንብብኛለች።

«አባባ፣ ቲቸር ትማታለች?»

«ዋሾ ብቻ ነው የምትመታው። ለአስተማሪ አይዋሽም። ከዋሸሽ ግንባርሽ ላይ ታነበዋለች።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን ከእውነት ጋር መንገድ ላይ ስንተላለፍ ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠን የማናውቅ ሰውዬ!

ስለ እናቷ ልንገራችሁ። ልጄ ናት፤ ያለችኝም እሷ ብቻ ናት። ልጇን ጡት አስጥላ፣ በባሕር ተሻግራ ሳውዲ ገባች፤ ሰው ቤት ትሠራለች። የልጅቷ አባት ገና በእርግዝናዋ ወጥቶ፣ እንደወጣ ቀርቷል። ሚስቴ ከሞተች ቆይታለች። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው አንድ ሽማግሌና አንድ ሕፃን ነን፤ ማን ማንን እንደሚያሳድግ አይታወቅም። ልጄ በየጁምዓው ከሰዓት፣ አሠሪዎቿ ጋደም ሲሉ፣ በኢሞ ትደውላለች፤ መልኳ እየታየ እናወራለን። መጨረሻ ላይ የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦

«አባ፣ አስተምርልኝ። እኔን እንዳስቀረኸኝ እንዳታስቀራት።»

እውነቷን ነው። ሚስቴ ስትታመም ልጄን ከስድስተኛ ክፍል ያስቀረኋት እኔ ነኝ። «ለዚህ ዓመት ብቻ» ብዬ። ያቺ ዓመት እስካሁን አላለቀችም።

ትምህርት ቤቱ ደርሰን ሰልፍ ያዝን። ከክፍሎቹ ግማሾቹ ጣሪያቸው ገና አልተጠገነም፤ ለዜሮ ክፍል የደረሳት አንዲት ክፍል ብቻ ናት። ቲቸሯ ግራሩ ጥላ ሥር ጠረጴዛ አውጥታ መዝገብ ዘርግታለች። የእኛ አገር ሕፃን ዕድሜው በወረቀት ብቻ አይታመንም፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮውን መንካት አለበት። እኔን በልጅነቴ ይህቺው ፈተና ሁለት ጊዜ ጥላኛለች። ክንዴ አጭር፣ ጭንቅላቴ ትልቅ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ጆሮዬን ነካሁት፤ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ ምክር ሰምቶ አያውቅም። የልጅ ልጄ በአንድ ጊዜ ጨመደደችውና «አለቅም!» አለች። ሰልፉ ሳቀ።

ቲቸሯም ፈገግ አለች። ወጣት ናት፤ ላቧን በመሐረብ እየጠረገች «አባ፣ ጎበዝ ልጅ ናት» አለችኝ። «ግን ክፍሉ ሞልቷል። የቀረችን ጥቂት ቦታ ወላጅ ለሌላቸው ነው። ለሚመጣው ዓመት ይምጡ።»

ለሚመጣው ዓመት! ከዚህ ቃል ጋር ድሮ እንተዋወቃለን፤ ቤቴ ገብቶ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ።

«አባቷ የለም» አልኩ። ይህ እውነት ነው።

«እናቷስ?»

ቀልደኛ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ምላሱ ከልቡ ቀድሞ ይደርሳል። «ሞታለች» አልኩ። «አረብ አገር።»

ወላሂ አላልኩም፤ ያቺን ታህል ፍርሃት ነበረችኝ። ቲቸሯ ከንፈሯን መጠጠች፤ «አላህ ይዘንላት፣ አባ» ብላ ጻፈች። የእስክሪብቶው ጭረት እስካሁን ይሰማኛል። ከኋላዬ የተሰለፈችው ጎረቤቴ «ውይ በሞትኩት!» አለች። ወደ ታች ሳይ የልጅ ልጄ እጇን አውርዳ አፌን ትመለከታለች።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ በግ ሰርቆ እንዳመለጠ ሌባ ደስ ብሎኛል። ብስኩት ገዛሁላት። ሳትከፍተው ቤት ደረሰች። ደክሟት ነው አልኩ።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ከደጄ ለቅሶ ሰማሁ። እኛ ዘንድ ሐዘን ተደብቆ አይቀመጥም፤ ሰው ብቻውን ካዘነ የሚያፍረው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቴ መንደሩን አዳርሳ፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ንፍሮ ይዘው መጥተዋል። እየጎተትኩ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸውና በሹክሹክታ ተናዘዝኩ፦

«ቀስ በሉ፤ አልሞተችም። ለምዝገባ ብዬ ነው።»

«ምን አልክ?» አለች ጎረቤቴ።

«ወንበር ልታጣብኝ ስትል...»

«አንተ ሽማግሌ፣ ምላስህን አላህ ይያዘው! በቁሟ ልጅህ ላይ ታሟርታለህ? ሌላ ውሸት አጣህ? ሚስቴ ሞተች አትልም ነበር?»

«እሷማ የእውነት ሞታለች፤ እሱ ምን ውሸት አለው?»

አንደኛዋ ሳቋ አመለጣት። ሌላዋ ግን የጀመረችውን ለቅሶ ማቆም አቃታት፤ የሷም ልጅ እዚያው ሳውዲ ናት። ትምህርት ቤት እንዳይሰማ ለመንኳቸው፤ ማሉልኝ። ንፍሮውን ቁርስ አደረግነው። ቀና ስል የልጅ ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። ለቅሶውን ሰምታለች፤ ሹክሹክታውን ግን አልሰማችም።

በዚያው ሳምንት ጁምዓ ስልኩ ሲጮህ ሮጣ አልመጣችም። ድሮ የስልኩን መስታወት በምራቅ እስኪርስ ትስመው ነበር። የዚያን ቀን ከሩቅ አየችውና ማሽላው ውስጥ ገባች።

«የት ሄደች?» አለች ልጄ።

«አፍራ ነው። ትምህርት ቤት ገብታ ትልቅ ሴት ሆናብሻለች።»

ልጄ ሳቀች፤ ከደስታዋ ብዛት እንባዋም መጣ። በሁለተኛው ጁምዓ አልሳቀችም። በአራተኛው «አባ፣ ምን አጠፋሁ? ጠላችኝ?» አለችኝ። ከጀርባዋ የሚተኮስ ልብስ ተከምሯል፤ ክንዷ ላይ አዲስ የቃጠሎ ጠባሳ ነበር። ስለ ጠባሳው አልጠየቅኳትም። እሷም ልጇን እንጂ ራሷን አላነሳችም።

ስልኩ ሲዘጋ ልጅቷን ጠራኋት።

«እናትሽን ለምን አታናግሪያትም?»

«እናቴ ሞታለች። እዚያ ያለችው ሌላ ሴትዮ ናት።»

«ቀልዴን ነው እኮ!»

«ለቲቸር አይዋሽም ብለሃል። ሴቶቹም አልቅሰዋል። ቲቸርም ጽፋዋለች።»

እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። ፊደል መቁጠር ገና ለጀመረች ልጅ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ነው። አያት ይቀልዳል፤ መዝገብ አይቀልድም።

መፍትሔው ግልጽ ነበር፦ ይዣት መሄድ፣ ዓይኗ እያየ ማሰረዝ። ግን ወንበሯን ቢነጥቋትስ? ጠዋት ያንን ቀይ ጫማ አጥልቃ ስትበር፣ ስትመለስ ጣቷ ጠመኔ ለብሶ «አባባ፣ ይህቺ ለ ናት» እያለች አፈር ላይ ስትጽፍልኝ አያታለሁ። «ነገ» አልኩ። ከዚያ የማሽላ አጨዳ ደረሰ፤ «ከአጨዳ በኋላ» አልኩ። ከዚያ ውቂያ መጣ። ልጄ በየጁምዓው ትደውላለች፤ የምታገኘው ግን የኔን ጥርስ አልባ አፍ ብቻ ነው። በኋላ «እስቲ ስትጫወት ከሩቅ አሳየኝ» ትለኝ ጀመር። እኔም ስልኩን በአጥሩ ቀዳዳ አሾልኬ አሳያት ነበር። እናት የገዛ ልጇን በአጥር ቀዳዳ ተደብቃ ታያት ነበር። ድምፅ እንዳላሰማ ብላ አፏን በሻሿ ትይዛለች።

አንድ ጁምዓ ስልኩ አልጮኸም።

በሁለተኛውም አልጮኸም። እኔ ስደውል ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል፤ ቆይቶ መጥራቱንም ተወ። አብራት የሄደች የጎብዬ ከተማ ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩ። «ቤት ቀይራ ይሆናል» አሉኝ። ሲሉኝ ዓይኔን አላዩኝም። በሚኒባስ ስመለስ ረዳቱ ሁለት ጊዜ «አባ፣ ቆቦ ደርሰናል» ብሎ ቀሰቀሰኝ። አልተኛሁም ነበር።

በማግስቱ የልጅ ልጄን እጇን ይዤ ቲቸሯ ፊት ቆምኩ። «ዋሽቻለሁ» አልኩ። «እናቷ በሕይወት አለች። ለወንበሩ ብዬ ነው።» ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ እችላለሁ፣ ስድብ ለምጃለሁ። ቲቸሯ ግን የክፍሉን በር ከፈተችልኝ።

«ይዩት አባ። ለአጨዳ የወጡት አልተመለሱም፤ ከወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው። ደግሞስ አንዴ የገባችን ልጅ በምን አንጀቴ አስወጣታለሁ? ያኔውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ባዶዎቹን ወንበሮች አየኋቸው። ትናንሽ ናቸው፤ እንደኔ ያለ አጭር ሽማግሌ እንኳ አይቀመጥባቸውም።

ቲቸሯ መዝገቡን ገልጣ በቀይ ሰረዘችና ወደ ልጅቷ አዞረችው። «ይኸው፣ አየሽ? እናትሽ አለች።» ልጅቷ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። ማንበብ አትችልም፤ ስርዝ ምን እንደሆነ ግን ታውቃለች። ከዚያ እጄን ይዛ እየጎተተች፣ ያንን ሁሉ መንገድ «ደውልላት፣ ደውልላት» እያለች ወደ ቤት ሮጠች። ከኋላዋ ትንፋሽ አጥሮኝ ተከተልኳት።

ደወልኩ። አልጠራም።

«ተቆጥታ ነው?» አለችኝ።

«አንቺን? አይደለም።»

«አንተን?»

ቁጥሯን እንደገና ጫንኩት።

ይኸው ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከሳውዲ የሚመለስ ሰው በሰማሁ ቁጥር፣ ሮቢት ከተማም ሆነ ጎብዬ፣ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ አየኋት የሚል አልተገኘም፣ ሞተች የሚልም አልተገኘም። ጎረቤቶቼ ስሟን ሲያነሱ ግማሹ «ደግ ናት»፣ ግማሹ «ደግ ነበረች» ይላል። እኔ ሁለቱንም አልልም። ድፍን መንደር የሚጠይቀኝ «ምን ታስባለህ?» ብሎ ነው፤ እኔ ስለሷ ማሰቡን ባልተውም መናገሩን ካቆምኩ ቆየሁ።

ልጅቷ ግን ትናገራለች። በየጁምዓው ከሰዓት ኢሞውን ከፍታ ድምፅ ትቀዳለች። «እማዬ፣ ሒሳብ ደፈንኩ።» «እማዬ፣ ጥርሴ ወለቀ፤ እንደ አባባ ሆንኩ።» «እማዬ፣ ያኔ ማሽላው ውስጥ ሆኜ ድምፅሽን እሰማ ነበር።» መልእክቶቹ ተደርድረዋል፤ ደርሷል የሚል ምልክት ያለው አንድም የለም።

ባለፈው ጁምዓ የሷን ስትጨርስ ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ።

«አንተም ንገራት።»

«ምን ልበላት?»

«መጀመሪያ ዋሽቼብሻለሁ በላት። ከዚያ ይቅርታ በላት። ከዚያ ደህና ዋይ።»

በቅደም ተከተል ነው የነገረችኝ፤ ተማሪ አይደለች! ጣቴን የድምፅ መቅጃው ምልክት ላይ ጫንኩ። አጠገቤ ቁጭ ብላ አፌን አፌን ታያለች። ከውጭ ባጃጅ አለፈ፤ የጎረቤት ዶሮ ተንጫጫ፤ ነፋሱ የደረቀውን አገዳ አንኮሻኮሸው። ያ ሁሉ ተቀዳ። የኔ ድምፅ ግን አልገባበትም።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ጣቴን በቀስታ ከስልኩ ላይ አነሳችልኝ፤ ተላከ።