በዋናው በር

ቦንቱ ዋቅቶላ ያደገችው በሲሚንቶ አቧራ ውስጥ ነው። ሸጎሌ ዳር፣ ዛሬ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ተሰልፈው የቆሙበት ሜዳ፣ እሷ ስትወለድ የአባቷ የገብስ ማሳ ነበር። ትምህርት ቤት ሳትገባ ቀያሾች መጡ፤ ችካል ተከሉ፤ ካሳ ተከፈለ። ለቤተሰቡ የቀረው ከኮንዶሚኒየሙ ሳይት ጀርባ ያለችው የጭቃ ቤትና የከብቶቹ በረት ብቻ ሆነ። ጎረቤቶቻቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደየዘመዶቻቸው ሲበተኑ አባቷ ዋቅቶላ ግን ንቅንቅ አላሉም።

"ማሳውን ሰጥቻለሁ። ቤቴን ማንም አልጠየቀኝም" አሉ፤ በዚያው ጸኑ።

ለቦንቱ ያ ዘመን የሐዘን ዘመን አልነበረም። ለመሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ ክረምት ውኃ ሲሞላ ከልጆች ጋር ተንቦራጭቃበታለች። ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ገና መደገፊያ ያልተሠራለትን ደረጃ እየሮጠች ወጥታ፣ ከላይኛው ፎቅ ሆና የቤታቸውን ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ የተጫኑትን ድንጋዮች፣ እናቷ ደሳለች ያሰጡትን ልብስ ታያለች። ቤታቸው ትንሽ መሆኗን ያወቀችው ያኔ ነው። ነገሩ አናደዳት እንጂ አላሳፈራትም።

ከዚያ ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች መጡ። ሶፋና ቁም ሳጥን የጫነ አይሱዙ ተከታትሎ ገባ። ገና መብራት ባልገባለት ደረጃ ላይ ሰዎች ፍሪጅ ተሸክመው "ቀስ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ" ይባባላሉ። ከመጡት መካከል የቦንቱ እኩያ ሩቲ ነበረች፤ ከወላጆቿ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ገባች። በመጀመሪያው ቀን በረቱ ደጃፍ ቆማ ላሞቹን ስታይ ቦንቱ ተቆጣቻት።

"ምን ታያለሽ?"

"ላም በቅርብ አይቼ አላውቅም። እኛ ሰፈራችን ፈርሶ ነው የመጣነው።"

"የእኛም ፈርሷል" አለቻት ቦንቱ፤ እጇን ይዛ ወደ በረቱ አስገባቻት።

ጠዋት ጠዋት ወተት ማድረስ የቦንቱ ሥራ ነበር። በሃይላንድ የተሞላውን ወተት በፌስታል አንጠልጥላ ከብሎክ ብሎክ ትዞራለች። የትኛው ቤት እንደሚያረፍድ፣ የትኛው ቤት ባልና ሚስት እንደተኳረፉ በሩን በሚከፍቱላት ሰዎች ፊት ታውቃለች። አራተኛ ክፍል ሳለች ኖህ የሚባል የብሎክ አምስት ልጅ አጠገቡ ስትቀመጥ አፍንጫውን ያዘ።

"እበት እበት ትሸታለች" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቦንቱ ከአጠገቡ ሳትነሳ ደብተሯን ገለጠች። በማግስቱ ግን እንደ ወትሮዋ የእነኖህን በር አንኳኳች። የከፈተው ራሱ ኖህ ነበር፤ እጁን ወደ ወተቱ ዘረጋ።

"ዛሬ ለእናንተ የለም።"

"እጅሽ ላይ አለ እኮ!"

"እበት እበት ይሸታል። እናትህ ሲጠይቁህ እንደዚያ ብለህ ንገራቸው" ብላው ወደሚቀጥለው በር አለፈች።

ለእናቱ ምን እንዳላቸው አልታወቀም። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን እናትየው ልጃቸውን ይዘው የጭቃው ቤት ድረስ መጡና ኖህ ይቅርታ ጠየቀ። ደሳለች "ደንበኛ ልታባርሪብኝ ነው" ብለው ልጃቸውን ተቆጧት። ዋቅቶላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲስቁ ግን አይታለች።

ሳይቱ መልኩን መለወጡን አላቆመም። ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት ሣር ኮብልስቶን ለብሶ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ድሮ ዋናው መንገድ ላይ አውርዷቸው ይሄድ የነበረው ሚኒባስ ደጃፍ ድረስ መጣ። ግቢው ታጠረ፤ ትልቅ የብረት በር ተተከለለት፤ ጥበቃ ተቀጠረ። ለእነቦንቱ በኋላው አጥር ላይ ክፍት ቦታ ተተወላቸው። ከቤታቸው በስተጀርባ ወደ ግጦሽ የሚወስደውን መንገድ አዳዲስ ቤቶች ዘግተውት፣ የቀረው በግንብ መካከል ሰው ብቻ የሚያሾልክ ስንጥቅ ነበርና፣ ከብቶቹ በሳይቱ መሃል አልፈው በዋናው በር መውጣት ግድ ሆነባቸው። ግጦሹም እየጠበበ ሄደ። ቦንቱ ኮሌጅ ጨርሳ ጳውሎስ አካባቢ ካፌ ውስጥ ካሸር ሆና ስትቀጠር በረቱ ውስጥ የቀረችው ዳለቻ የሚሏት ግራጫ ላም ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እንስሳት ይዞ ማለፍ ሊከለከል፣ የኋላው ክፍት ቦታም በግንብ ሊዘጋ ነው፤ ነዋሪዎች ለውሳኔ በጋራ አዳራሹ በኮሚናል እንዲገኙ ይላል። ቦንቱ ከሥራ አስፈቅዳ ሄደች። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ጌቱ፣ ጡረታ የወጡ ረጋ ያሉ ሰው፣ ገና ስትገባ አዩዋት።

"ልጄ፣ ስብሰባው የሳይቱ ነዋሪዎች ነው።"

"እኔ የተወለድኩት ሳይቱ ሳይወለድ ነው ጋሽ ጌቱ" ብላ ተቀመጠች። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

አቶ ጌቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሕፃናት በላሟ እንደሚደነግጡ፣ እበቱ ደረጃ ድረስ በጫማ እንደሚገባ አስረዱ። ሲያጠቃልሉም፣ "ይሄ ከተማ ነው። ከተማ ደግሞ ፕላን አለው። ፕላኑ ላይ ላም የለችም" አሉ።

ቦንቱ ተነሳች። "ፕላኑ ላይ እኛም አልነበርንም። ግን አለን። ልጆቻችሁን በማን ወተት እንዳሳደጋችሁ የረሳ ካለ እጁን ያውጣ።"

ማንም አላወጣም። ድምፅ ሲሰጥ ግን እጆች በዙ፤ ክልከላው ጸደቀ። ሩቲና እናቷ ተቃወሙ፤ የኖህ እናት መሬት መሬት አዩ።

ዋቅቶላ ውሳኔው ተነገራቸው። ከዕድሜ ብዛት ጉልበታቸው ከድቷቸው ነበር። "እንሽጣት። ከእንግዲህ የት ትበላለች?" አሉ። በማግስቱ አቶ ጌቱ በጥበቃው በሾዴ በኩል መልእክት ላኩ፤ ላሟን ሊያወጡ ከሆነ ሰው ሳይነሳ፣ ገና ሳይነጋ ያውጧት፤ በሩ ይከፈትላቸዋል።

"አይሆንም" አለች ቦንቱ። "የሰረቅናት ላም የለችም።"

እሑድ ጠዋት፣ ሰዉ ከቤተክርስቲያን ተመልሶ ግቢው በሰውና በሚታጠብ መኪና ሲሞላ ጠብቃ፣ ያጠበቻትን ዳለቻን በገመድ ይዛ ወጣች። ዋቅቶላ በዱላቸው ተደግፈው ከኋላ ተከተሉ። በብሎኮቹ መካከል ስታልፍ ሰዎች ወደ በረንዳ ወጡ። ሩቲ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ደረጃውን ወርዳ፣ በላሟ ሌላኛው ጎን መሄድ ጀመረች። በሩ ጋ ሲደርሱ ሾዴ ጨነቃቸው።

"ልጄ፣ እንጀራዬን እንዳታሳጪኝ።"

"እርስዎ አይክፈቱ ጋሽ ሾዴ። እኔ እከፍታለሁ። የጠየቀ ካለ ቦንቱ ናት ይበሉ።"

አቶ ጌቱ መኪናቸውን የሚያብሱበትን ጨርቅ ይዘው ቀረቡ። "በማለዳ ተባብለን አልነበረም?"

"እርስዎ ብለዋል። እኔ አልተስማማሁም።"

ይህን ስትል ዳለቻ እዚያው በሩ ፊት፣ ኮብልስቶኑ ላይ፣ እበቷን ጣለች። አንድ ልጅ ፈነደቀ። ከኋላቸው የሚወጣ መኪና ክላክስ አደረገ። ቦንቱ አልተጣደፈችም። ገመዱን ለሩቲ ሰጥታ ከሾዴ አካፋ ተቀበለች፤ አንስታ ጠረገችው፤ ውኃ አፈሰሰችበት፤ አካፋውንም አጥባ መለሰች። ባለመኪናው ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። ከዚያ መቀርቀሪያውን ስባ ሁለቱንም የበሩን ክንፎች ወለል አድርጋ ከፈተቻቸው።

ሸጎሌ ከብት ገበያ ነጋዴዎች ከበቧቸው። "ለእርድ አትሸጥም" ብላ አንድ በአንድ መለሰቻቸው። በመጨረሻ በሱሉልታ መንገድ የወተት ላሞች የሚያረቡ ዓሊማ የሚባሉ ሴት ገዟት። ቦንቱ ገመዱን ከማስረከቧ በፊት ሌላ ነገር ጠየቀቻቸው፤ ጠዋት ጠዋት ወተት ወደ ከተማ ይልኩላት እንደሆነ። ካፌ እንደምትሠራ ነግራቸው ስለነበር፣ ዓሊማ ወተቱን ምን ታደርጊዋለሽ ብለው ጠየቋት።

"ካፌውን እለቃለሁ" አለች፤ እዚያው ስትናገረው ወሰነች። አባቷ ቀና ብለው አዩዋት።

እንባዋ የመጣው ማታ ባዶው በረት ስትገባ ነው። በማግስቱ የኋላው ክፍት ቦታ በብሎኬት ተዘጋ። እሷ ግን ወሩ ሳይሞላ ከዋናው በር ትይዩ ካለው ብሎክ ሥር አንድ የንግድ ክፍል ተከራየች። በላዩ በቀይ ቀለም "ዋቅቶላ ወተት" ብላ አጻፈች። አባቷ ሁልጊዜ ከደጃፉ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚወጣ የሚገባውን ሰላም ይላሉ። የኖህ እናት የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሆኑ። አቶ ጌቱ እስከ ዛሬ አልገዙም፤ የፋብሪካ ወተት በፌስታል ይዘው በፊቷ ያልፋሉ። "እንደምን አደሩ ጋሽ ጌቱ" ትላቸዋለች፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይሏታል።

በቅርቡ ደግሞ ስብሰባ ተጠራ። በዚህኛው ሱቅ የተከራዩም ተጠርተው ነበርና ቦንቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አቶ ጌቱ አጀንዳውን አንብበው ጥያቄ ያለው ካለ ሲሉ ቀድማ እጇን አወጣች። በኋላው አጥር ላይ የሰው መተላለፊያ ይከፈት፤ እናቴ ቤቷ ለመግባት ሰፈር ሙሉ መዞር የለባትም አለች። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር ተባለ። በሚቀጥለውም እንደምታነሳው ነግራቸው ተቀመጠች።