ወፍጮ ያላቸው ሽማግሌ

ንፋስ መውጫ ከተማ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ነዋሪ የጎረቤቱ ወፍጮ ጩኸት እንዳስመረረው አመለከተ። ደንቡ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ ድምፅ ያስቀጣል ይላል፤ ለመቅጣት ግን መጀመሪያ መለካት አለበት። ስለዚህ የድምፅ መለኪያዬን ይዤ ሄድሁ።

ባለወፍጮው ሽማግሌ ገና ከበሩ ሲያዩኝ ሞተሩን አጠፉ። ከልብሳቸው ላይ ዱቄቱን እያራገፉ፣ «ግባ ልጄ፣ እንግዳ ቆሞ ወፍጮ አይጮህም» አሉኝ።

«አባቴ፣ የመጣሁት እኮ ጩኸቱን ልለካ ነው።»

«ይደርሳል፤ መጀመሪያ አረፍ በል።»

ትሕትና ይሁን ብልጠት እስከ ዛሬ አልገባኝም። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን በጓሮ በኩል ተደብቄ መጣሁ፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች ግን ቀድመው አዩኝና «እንግዳዎ መጣ» አሏቸው። ሞተሩ ጸጥ አለ።

ትዕግሥቴ አለቀ። «ስለ ፈጣሪ ብለው ያስነሱት!» ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህሁ።

በእጄ የያዝሁት መለኪያ ከተፈቀደው በላይ ያነበበው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው ቁጥሩን አዩ፤ ቀጥለውም በሐዘኔታ ተመለከቱኝ።

«ልጄ፣ ይኸ ታዲያ ያስቀጣሃል?»